ስለ አሮጌ አውቶሞቢል ሞተር ድምፅና በቤት ሆኖ ስለ መመርመሩ

በቅሎ የሚገዛ ብልህ ሰው ጥርስዋን ብቻ አይቶ ገንዘቡን አይከፍልም፤ በደረቅ መሬት ላይ ያስኬድና የኮቴዋን አረጋገጥ ያዳምጣል። ከአራቱ እግሮችዋ አንደኛው ቀለል ብሎ ቢመታ፥ ዓይን ያላየውን ማነከስ ጆሮው ይነግረዋል። ይህ ዕውቀት በአገራችን ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረ ነው። አውቶሞቢል በያዝን ጊዜ ግን ጆሮአችንን ለሌላ ሰው አሳልፈን የሰጠን ይመስላል። ሞተሩ ማንኳኳት ሲጀምር ሾፌሩ ሬዲዮውን ከፍ ያደርጋል፤ ባለቤቱም ነገሩን የሚያውቀው መኪናው ከመንገድ ላይ ከቆመ በኋላ ነው።

በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠራ የቤት አውቶሞቢል ከውጭ አገር እንዳይገባ መንግሥት ከከለከለ ወዲህ፥ በእጅ ያለውን አሮጌ መኪና ጠብቆ ማቆየት ከቀድሞው ይልቅ የሚያስፈልግ ሆኗል። በብዙ ወረዳ ምርጥ ዘሩንም፥ የከብቱን ክትባትም፥ ምጥ የጠናባትንም ሴት የሚያደርሰው አንድ መኪና ነው። የዚያ መኪና ሞተር በክረምት ቢሰበር የሚጐዳው የመኪናው ባለቤት ብቻ አይደለም። ሞተርም ብዙ ጊዜ ሳይናገር አይሰበርም፤ ከመሰበሩ በፊት ለቀናት፥ አንዳንድ ጊዜም ለሳምንታት ይጮኻል። ጩኸቱን በጊዜው የሰማ ሰው ጥቂት ብሮንዚና ለውጦ ይድናል። ያልሰማው ግን ቢየላው ተሰብሮ የሞተሩን ግድግዳ በስቶ ሲወጣ ያያል፤ ከዚያ በኋላ የሚጠገን ነገር የለም፥ ሌላ ሞተር መፈለግ ብቻ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምናስረዳው ሞተር መፍታትን አይደለም፤ እርሱ የመካኒክ ሥራ ነው። የምናስረዳው ባለቤቱ ወይም ሾፌሩ በግቢው ሆኖ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ፥ መንዳት ይቻል እንደ ሆነ፥ ወይም እዚያው ማቆም ይገባ እንደ ሆነ ለይቶ የሚያውቅበትን መንገድ ነው። ለምሳሌም በገጠር ብዙ ሰው የሚያውቀውን የቶዮታ ላንድ ክሩዘር ኤፍ ጄ 40 እንወስዳለን። ይህ መኪና እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1960 እስከ 1984 የተሠራ ሲሆን፥ በኋለኛው ዘመኑ የተገጠመለት ቱ ኤፍ የሚባለው የቤንዚን ሞተር ስድስት ሲሊንደር በአንድ ረድፍ ያለው፥ 4.2 ሊትር የሚይዝ ነው። አሠራሩ ያልተወሳሰበ ስለ ሆነ ለተማሪ ይመቻል፤ በእርሱ የተማረው ጆሮ በሌላውም ያገለግላል።

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ጥንቃቄ እንናገራለን። ሞተሩ የሚመረመረው በገላጣ ግቢ እንጂ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ አይደለም። ከጭስ መውጫው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው መርዝ ሽታም መልክም የለውም፤ ሰው እንቅልፍ የያዘው መስሎት በዚያው ይቀራል። መኪናው ደልዳላ ቦታ ይቁም፥ ማርሹ ባዶ ይሁን፥ የእጅ ፍሬኑ ይያዝ፥ ከጎማውም ፊትና ኋላ ድንጋይ ይደረግ። ኮፈኑን ከፍቶ የሚያዳምጠው ሰው ነጠላውን ወይም ጋቢውን አውልቆ ያስቀምጥ፥ ክራባትም ያሰረ ይፍታ፤ ቬንቲላተሩ የጨርቅ ጫፍ ከያዘ ሰውየውንም አይለቅምና። ሥራው የሁለት ሰው ነው፤ አንዱ ከመሪው ይቀመጣል፥ ሁለተኛው ያዳምጣል።

የመጀመሪያው ነገር ሞተሩን ማስነሣት ሳይሆን ዘይቱን ማየት ነው። የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥቶ፥ ጠርጎ፥ መልሶ አስገብቶ ማንበብ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ነገር ግን በዘይት ማነስ ብቻ የሚንኳኳውን ሞተር ወደ ከተማ የሚያስጎትት ሰው ጥቂት አይደለም። ዘይቱ ጎድሎ ቢገኝ ሞልቶ እንደገና ማዳመጥ ነው። ድምፁ ከጠፋ ዘይቱ ወዴት እንደ ሄደ መፈለግ እንጂ ነገሩ አለቀ ብሎ መተው አይገባም።

ከዚህ ቀጥሎ ሾፌሩን መጠየቅ ነው። ድምፁ የሚሰማው መኪናው ሲሄድ ብቻ ነው ወይስ ቆሞም? ቆሞ ነዳጅ ሲረገጥ የማይሰማ፥ ሲሄድ ብቻ የሚሰማ ድምፅ ብዙውን ጊዜ የጎማ፥ የኩሽኔታ፥ የካምቢዮ ወይም የኋላ አክስል ነው፤ እርሱን ለሌላ ጊዜ እናቆየው። ቆሞም የሚሰማ ከሆነ ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ይርገጥ፤ ድምፁ ቢለወጥ ወይም ቢጠፋ ነገሩ ከፍሪሲዮኑ ወይም ከካምቢዮው እንጂ ከሞተሩ ውስጥ አይደለም። ይህች ትንሽ ፈተና ብዙ ወጪ ታድናለች።

አሁን ወደ ሞተሩ ራሱ እንግባ። የሞተር ድምፅ ሦስት ነገር ይመሰክርበታል፤ ምቱ፥ ሙቀቱና ሸክሙ። ዳኛ በአንድ ምስክር ብቻ እንደማይፈርድ፥ በእነዚህም በአንዱ ብቻ መፍረድ አይገባም።

ስለ ምቱ። ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ በደቂቃ 700 ጊዜ ይዞራል እንበል። ክራንክ ሻፍት የሚባለው ዋናው ዘንግ በዞረ ቁጥር የሚመታ ነገር በሰኮንድ 12 ጊዜ ያህል ይመታል። ቫልቮቹን የሚያነሣው ዘንግ ግን ዋናው ሁለት ጊዜ ሲዞር አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚዞር፥ አንድ የላላ ቫልቭ በሰኮንድ 6 ጊዜ ያህል ይመታል። ይህን በጣት መቁጠር አይቻልም፤ ነገር ግን ከበሮ ሲመታ የኖረ ሰው አንዱ ምት የሌላው እኩሌታ መሆኑን ሳይቆጥር ያውቀዋል። ዘገምተኛውና ቀላሉ ምት ከላይ ከቫልቮቹ ነው፤ ፈጣኑ ከታች ከዋናው ዘንግ ወይም ከእርሱ ጋር ከሚዞር ነገር ነው። ሆኖም የተበላ ፒስተንም ሆነ የላላ ቢየላ ጠንክሮ የሚመታው ቤንዚኑ በተቃጠለበት ምት ላይ ስለ ሆነ፥ እርሱም እንደ ቫልቭ በእኩሌታ የሚመታ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ሁለተኛውን ምስክር እንጥራ።

ስለ ሙቀቱ። ሞተሩ ሌሊቱን አድሮ በቀዘቀዘ ጊዜ ጧት ሲነሣ ማዳመጥ ከሁሉ ይበልጣል። ሲነሣ እንደ ሸክላ የሚንኳኳ፥ ሲሞቅ ግን እየቀነሰ የሚሄድ ድምፅ የፒስተን ነው፤ ፒስተኑ በሙቀት ሲሰፋ ሲሊንደሩን ይሞላልና መንገዋለሉ ይቀራል። ጧት ጢቅ ጢቅ የሚል፥ ከሞቀ በኋላ የሚጠፋ ሹል ድምፅ ደግሞ ብዙ ጊዜ የጭስ መውጫው ጓርኒሲዮን ቀዳዳ ነው፤ ብረቱ ሲሞቅ ቀዳዳው ይደፈናል። በዚህ ዓይነት ድምፅ መኪናውን መንዳት ይቻላል፤ ጭሱ ወደ ሰው መቀመጫ እንዳይገባ ግን መስኮት ከፍቶ ቶሎ ማስጠገን ያስፈልጋል። ሞተሩ ሲሞቅ እየባሰ የሚሄድ ድምፅ ግን መጥፎ ነው። ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል፤ የቀጠነ ዘይትም የተበላውን ብሮንዚና አያለሰልስምና ብረት ከብረት ይጋጫል።

ሦስተኛው ምስክር ሸክሙ ነው። በሚኒሞ ብቻ የሚሰማ፥ በሸክም የሚጠፋ ድምፅ ብዙ ጊዜ ቀላል ነው። ዳገት ሲወጣ የሚሰማውን ግን ሁለት አድርጎ መለየት ያስፈልጋል፤ አንዱ ማቃጠል ያለ ጊዜው ነው፥ ሌላው ብሮንዚና ነው።

ማቃጠል ያለ ጊዜው ያልነው ቆሎ በብረት ምጣድ ላይ ሲፈናጠር የሚመስለው ድምፅ ነው። ሾፌሮች ብዙ ጊዜ ቫልቭ ነው ይላሉ፤ ቫልቭ ግን አይደለም። የሚሆነውም እንዲህ ነው። ካንዴላው ካቀጣጠለው እሳት ፊት ለፊት ያለው ቤንዚን በግፊትና በሙቀት ብዛት ራሱን በራሱ ያቀጣጥልና ፒስተኑን እንደ መዶሻ ይመታዋል። በእኛ አገር ይህ ነገር ከመሬቱ ከፍታ ጋር ትልቅ ግንኙነት አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ሲሊንደሩም የሚስበው አየር ስስ ስለ ሆነ በደጋ ሞተሩ ይደክማል እንጂ በዚህ ዓይነት አይንኳኳም። መካኒኩ ድካሙን ለማካካስ ዲስትሪቡተሩን አዙሮ እሳቱ ቀደም ብሎ እንዲመጣ ያደርጋል። ይህም ለደጋ መልካም ነው። ያው መኪና ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ ከ1,000 ሜትር በላይ ወደ ዓባይ ሸለቆ ከወረደ በኋላ፥ በሸለቆው ሙቀትና በከበደው አየር ጭነቱን ይዞ ወደ ደጀን መውጣት ሲጀምር ግን ቆሎው ይፈናጠራል። እንዲህ ሲሆን ነዳጁን አለዝቦ ወደ ዝቅተኛ ማርሽ መግባት ነው፤ በከፍተኛ ማርሽ ጨክኖ ረግጦ መውጣት ፒስተን ይበሳል። ቆላ የሚቆይ መኪና ከሆነ ዲስትሪቡተሩን ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ይበቃዋል። መኪናው ሳይወርድ፥ ምንም ሳይነካ፥ በድንገት አንድ ቀን መፈናጠር ከጀመረ ደግሞ በመጨረሻ ቤንዚን የተቀዳበትን ቦታ መጠርጠር ይገባል፤ ቤንዚን ከነጭ ጋዝ ጋር ከተቀላቀለ እንደዚህ ያደርጋልና።

ስለ ቫልቭ ድምፅ ብዙ መናገር አያስፈልግም። የልብስ ስፌት መኪና የሚመስል፥ ከላይ ከቫልቮቹ ክዳን ሥር የሚመጣ ቀላል ድምፅ የፑንቴሪያ መላላት ነው። በቱ ኤፍ ሞተር ላይ ልኩ ሞተሩ ሙቅ ሆኖ ለአየር ማስገቢያው 0.20፥ ለጭስ ማስወጫው 0.35 ሚሊ ሜትር ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። ድምፁን ለማጥፋት ብሎ ፑንቴሪያን ከልክ በላይ ማጥበቅ በአገራችን የተለመደ ክፉ ሥራ ነው። የጠበቀ ቫልቭ ዝም ይላል፤ ዝምታው ግን የጤና አይደለም፥ ሳይዘጋ እየቀረ በእሳት ይቃጠላል። በአሮጌው ቮልስዋገን ቢትል ልኩ ሞተሩ ቀዝቅዞ 0.15 ሚሊ ሜትር ነው፤ በቀድሞዎቹ ሞዴሎች ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው ነፋሱን ስለሚከልልበት በሙቀት የሚጐዳው ሦስተኛው ሲሊንደር ነበር። እርሳስ ያለበት ቤንዚን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር እስከ 2006 መጀመሪያ ድረስ ከሰሐራ በታች ካሉ አገሮች ከጠፋ ወዲህ ደግሞ፥ በእርሳስ ይጠበቅ የነበረው የአንዳንድ አሮጌ ሞተሮች የቫልቭ መቀመጫ እየተበላ ክፍተቱ ራሱን በራሱ ይጠባል። ስለዚህ ጥቂት የሚሰማ ፑንቴሪያ ምንም ከማይሰማ ይሻላል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንመጣለን። እንደ ሙቀጫ ከታች ወፍሮ የሚመታ፥ ሞተሩ ሲሞቅ የሚብስ፥ ነዳጅ ተረግጦ በድንገት ሲለቀቅ ጎልቶ የሚሰማ ድምፅ የቢየላ ብሮንዚና ነው። ከዚያም ይበልጥ ወፍሮ በዳገት ላይ የሚያጓራ፥ የእግር ማሳረፊያውን ሳይቀር የሚያንቀጠቅጥ ቢሆን፥ ዋናው ዘንግ የሚቀመጥባቸው ብሮንዚናዎች ናቸው። ይህን ማረጋገጫ ሦስት መንገድ አለ።

አንደኛው፥ በዘንግ ማዳመጥ ነው። ረዥም ካቻቢቴ፥ ባይገኝም ደረቅ የወይራ ዱላ ይበቃል። አንዱን ጫፍ በሞተሩ አካል ላይ፥ ሌላውን በአውራ ጣት ይዞ ጣትን ከጆሮ ላይ ማድረግ ነው። ሐኪም ደረት እንደሚያዳምጥ ከላይ እስከ ታች፥ ከፊት እስከ ኋላ ቦታውን እየለወጡ ድምፁ የሚበረታበትን መፈለግ ነው። ዱላው ከቬንቲላተሩ መራቅ አለበት። የአየር ወይም የጭስ ሲሲታ ሲሆን ግን ዱላ አይረዳም፤ የጎማ ቱቦ አንዱን ጫፍ በጆሮ አድርጎ ሌላውን በየመገጣጠሚያው ማዞር ነው።

ሁለተኛው፥ ሲሊንደሮቹን በተራ ዝም ማሰኘት ነው። ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ እጀታው ጎማ በለበሰ ፒንሳ የአንዱን ካንዴላ ሽቦ ነቅሎ ከሞተሩ ብረት ጋር አስነክቶ መያዝ፥ አዳምጦ መመለስ፥ ከዚያ ቀጣዩን። እጁ ወይም መሬቱ እርጥብ የሆነ ሰው ይህን አያድርግ። ከስድስቱ አንዱ ሲዘጋ ድምፁ ቢጠፋ ወይም በግልጥ ቢቀንስ ጥፋቱ በዚያ ሲሊንደር ፒስተን ወይም ቢየላ ነው፤ ቀዝቃዛ ሳለ ብቻ የነበረው ፒስተኑ፥ ሲሞቅ የባሰው ቢየላው። ሁሉም ተራ በተራ ተዘግተው ድምፁ ካልተለወጠ ነገሩ ከቫልቭ ወይም ከውጭ ከሚዞር ነገር ነው። የዋናው ዘንግ ብሮንዚና ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ሲዘጉ ነው የሚለዝበው። ይህ ፈተና ለአሮጌ ሞተር ብቻ ነው፤ በኤሌክትሮኒክ የሚቀጣጠለውን አዲስ መኪና በዚህ መንገድ መንካት ዕቃውን ያቃጥላል።

ሦስተኛው፥ ዘይቱን መጠየቅ ነው። የዘይቱ ግፊት መለኪያ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ በሚኒሞ ወደ ታች የሚወድቅ ከሆነ ብሮንዚናው ሰፍቷል። ዘይቱንም በነጭ ጨርቅ አጥልሎ በፀሐይ ማየት፥ ፊልትሮውንም ቀዶ መመልከት ነው። የሚያብለጨልጭ ነገር ከተገኘ ማግኔት ይቅረብበት። ማግኔት የሚስበው ብረት ነው፤ የማይስበው ነጭ ወይም ቀይ ብልጭታ የብሮንዚናው ቆርቆሮ፥ እርሳስ ወይም መዳብ ነው። ይህ ከተገኘ ሌላ ምስክር አያስፈልግም፤ መኪናው ተጎትቶ ይሂድ እንጂ በራሱ አይሂድ። ሃያ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው ቀስ ብለን እንድረስ የሚሉ ሾፌሮች አሉ፤ ዋናው ዘንግ የሚበላው በዚያችው ሃያ ኪሎ ሜትር ነው።

እነዚህን ፈተናዎች ሳያደርጉ ለመፍረድ መቸኮል ምን እንደሚያመጣ አንድ ነገር እናንሣ። ከአንድ ወረዳ የመጣ መኪና ከታች ይመታ ነበር፤ አንድ ጋራዥም ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይፈታ ብሎ ከባድ ዋጋ ጠየቀ። ሾፌሩ ዕድሜው የገፋ፥ ትዕግሥት ያለው ሰው ነበርና ካንዴላዎቹን በተራ ሲነቅል ድምፁ ምንም አልተለወጠም፤ የዘይቱም ግፊት ጤነኛ ነበር። ችንጋውን ፈትቶ፥ በዋናው ዘንግ ጫፍ ያለውን የችንጋ መዘውር በእጁ ቢወዘውዘው ላልቶ ይንገዋለላል። አንድ ብሎን ጠበቀ፤ ድምፁም ጠፋ። ጋራዡ አውቆ ይሁን ሳያውቅ እንዲያ ያለው አንፈርድበትም፤ ያ ሾፌር ግን ለወረዳው የአንድ ዓመት ጥገና ገንዘብ አዳነ።

ችንጋ ፈትቶ ማዳመጥ ስለ ተነሣ፥ ይህ ለዲናሞውና ለውሃው ፖምፓ ሁሉ የሚሆን ፈተና ነው። ችንጋው ተፈትቶ ድምፁ ከጠፋ ጥፋቱ ከእነርሱ በአንዱ ነው፤ በእጅ እያዞሩ የሚያሻክረውን ማግኘት ይቻላል። ነገር ግን ውሃው ስለማይዘዋወር ሞተሩ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይሥራ። ጧት ጧት የሚያፏጭ ችንጋ ሲሆን ጥቂት ውሃ ሲረጭበት ዝም ካለ ችንጋው ራሱ ነው፤ ማጥበቅ ወይም መለወጥ ይበቃል።

በናፍጣ የሚሠራ መኪናና ትራክተር በተፈጥሮው ስለሚንኳኳ ለጀማሪ ጆሮ ያስቸግራል። እዚያ የሚፈለገው ከሌሎቹ የተለየ አንድ ምት ነው፤ እርሱም ብዙ ጊዜ የተበላሸ ኢንጀክተር ነው። መካኒኮች የናፍጣውን ቧንቧ በተራ እያላሉ ይፈትኑታል፤ ሆኖም በግፊት የሚረጨው ናፍጣ ቆዳ በስቶ ሥጋ ውስጥ የሚገባና እጅ እስከ ማስቆረጥ የሚያደርስ ስለ ሆነ ይህን ለባለ ሙያ መተው ይገባል።

አሮጌ መኪና ልትገዙ ወይም ለመሥሪያ ቤት ልትረከቡ ስትሄዱ፥ ሻጩ ሞተሩን አስቀድሞ እንዳያሞቀው ንገሩት፤ ስትደርሱም ኮፈኑን በእጃችሁ ዳስሱ። ሞቆ ከቆያችሁ የጧቱን ድምፅ ሰውሮባችኋልና በሌላ ቀን ተመለሱ። ዘይቱም እንደ ማር የወፈረ እንደ ሆነ ጠርጥሩ፤ የተበላ ብሮንዚና ለአንድ ሳምንት ዝም የሚያሰኝ ወፍራም ዘይት በገበያ ይገኛል።

መኪናው ወደ መካኒክ በሚላክ ጊዜ ደግሞ ከሾፌሩ እጅ አንድ ወረቀት ይሂድ። በወረቀቱም፥ ድምፁ የተጀመረበት ቀንና የኪሎ ሜትሩ ቁጥር፥ በቀዝቃዛ ወይስ በሙቅ እንደሚብስ፥ በሚኒሞ፥ በዳገት ወይስ ነዳጅ ሲለቀቅ እንደሚሰማ፥ የስንተኛው ሲሊንደር ሽቦ ሲነቀል እንደሚለዝብ፥ የዘይቱ ግፊት በሚኒሞ ስንት እንደ ሆነ፥ በዘይቱ ውስጥ ማግኔት የማይስበው ብልጭታ እንዳለና እንደሌለ ይጻፍ። የወረቀቱ ግልባጭ በመኪናው መዝገብ ይቀመጥ፤ መካኒኩ የለወጠው ዕቃም አሮጌው ከሂሳቡ ጋር ተመልሶ ይምጣ።